ሦስት ነጥብ ያለበት ቀለበት

«ከሁለቱ አንዱ ይበቃል» አሉ አጎታችን ከግድግዳው ወዲያ። «አዲሱ የጎማ መፍቻ ማሽን ሲገባ ቀርፋፋው ይሄዳል።»

ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው። ወላጆቻችን ካረፉ በኋላ አጎታችን እኔንና ወንድሜን ሲወስዱን ትልቁን ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈሉና ወዲያኛውን ለራሳቸው ገበታ፣ ወዲህኛውን ለእኛ አልጋ አደረጉት። ሻይ ሲያማስሉ ማንኪያው ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር እንችል ነበር። ሚስታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆቹ እንዳይሰሙ» ሲሉ፣ «ተኝተዋል» አሉ አጎታችን። ልጆቹ የተባልነው፣ እኔ ሠላሳ አንድ፣ ወንድሜ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶን ነበር፤ ተኝተንም አልነበረም። ወንድሜ በትንሿ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል፣ እኔ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። ምላጩ ጉንጩ ላይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። እኔም ማላመጤን ቀጠልኩ። ቀርፋፋው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ማወቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ።

ሁለት የቆርቆሮ ኩባያ ነበረን፣ መንትያ የሚመስሉ። የእሱ ኩባያ ቂጡ ላይ በሹል ብረት የተመቱ ሦስት ነጥቦች አሉበት። ልጅ ሳለን የእሱን ዕቃ ሁሉ የእኔ ነው እያልኩ ስለማለቅስ፣ አንድ ቀን መዶሻ አንስቶ የራሱ የሆነውን ሁሉ ሦስት ሦስት ነጥብ መታበት፤ ካደገም በኋላ ልማዱ አልለቀቀውም። መፍቻው፣ ካሊፐሩ፣ የሽቦ ብሩሹ እጀታ፣ ሁሉም ሦስት ነጥብ አለበት። ሠፈሩ «ሚሊ» ነበር የሚለው፣ ሚሊሜትር ለማለት። አንድ ጊዜ የአጎታችን ሚስት የድስታቸው ክዳን አልገጥም ብሎ ሲያማርሩ ሰምቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው በካሊፐር ለካና «እትዬ፣ ክዳኑ ምንም አላጠፋም፤ ክብ ያልሆነው ድስቱ ነው» ብሏቸው ሳምንት ሙሉ አላናገሩትም። እውነት መናገር ይወድ ነበር፤ ጊዜ መምረጥ ግን አያውቅበትም።

የዚያን ቀን ወደ ሥራ ስንሄድ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተራመድን። አንድ ጊዜ ብቻ «ጫማህ ክሩ ተፈቷል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ እስካስር ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ግን ጎንበስ ባልኩበት ሳስብ የነበረው ዛሬ ምን ያህል ፈጥኜ መሥራት እንዳለብኝ ነበር።

የአጎታችን ጎሚስታ በሁለት ግንብ መሀል የገባ ጠባብ ቦታ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ። ከፊት ለፊት መኪና የምናነሳበት ክሪክ፣ ከኋላ ቸርኬ እያሽከረከረ ሚዛኑን የሚያሳይ የባላንስ ማሽን አለ። ማሽኑ የእኔ ነበር፣ ክሪኩ የወንድሜ። አራት ጎማ ባላንስ ለማድረግ የአንድ ሰው የምሳ ዋጋ እናስከፍላለን። እኔ በሃያ ደቂቃ እጨርሳለሁ። ወንድሜ አንድ ጎማ አስሮ እስኪያወርድ ደንበኛው ጋዜጣውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል። መጀመሪያ ጎማው የሚቀመጥበትን፣ እኛ እምብርት የምንለውን የመሀል ጉብታ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ በጣቱ ይዳብሳል። ብሎኖቹን መኪናው አየር ላይ እንዳለ በእጁ ያስገባል፣ እንደ ኮከብ እያቆራረጠ ያጠብቃል፣ ካወረደው በኋላ ደግሞ እንደገና። ደንበኞች ያፌዙበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተመልሰው ሲመጡ ግን «ያ ቀርፋፋው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አጎታችን ይህን ጥያቄ የሚሰሙት በአንድ ጆሯቸው ነበር።

ረፋድ ላይ አጎታችን አራት ካርቶን ጭነው መጡ። በውስጣቸው ለራሳቸው መኪና የገዙት አዲስ ቸርኬ ነበር፤ ስስ እግር ያለው፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። ዋጋው የእኔ የሦስት ወር ደመወዝ እንደሆነ ራሳቸው ነገሩን፣ ሁለት ጊዜ። ምክንያቱ የሚስታቸው ወንድም ነበር። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከአጎታችን የሚበልጥ መኪና ይነዳል፤ ባለፈው የቤተሰብ ግብዣ ላይም በሰው ፊት «መኪናህ ነጠላ ጫማ ያደረገች ትመስላለች» ብሏቸዋል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሊመጣ ነው፣ ከከተማ ወጥተው ያልተሠራ መሬት አብረው ሊያዩ። አጎታችን ከዚያ በፊት መኪናዋ ጫማዋን እንድትቀይር ፈልገዋል።

ወንድሜ አንዱን ቸርኬ ከካርቶኑ አወጣና እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኛው። የመሀሉን ቀዳዳ ለካ። የመኪናዋን ጎማ ፈትቶ እምብርቷን ለካ። ደግሞ ለካ። አጎታችን ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ።

«አጎቴ፣ ቀዳዳው ሰባ ሦስት ነጥብ አንድ ነው። እምብርቷ ስልሳ ነጥብ አንድ» አለ።

«እና?»

«መሀሉ ባዶ ነው። ቸርኬው ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፣ አራት። በእጃችን በዚህ ልክ የለም። ቶርኖ ቤት ሄጄ አስቆርጣለሁ፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

አጎታችን ወደ ደንበኞቹ ዞሩ። ሦስት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጎታችን ደግሞ ሦስት ሰው ካገኙ አዳራሽ ነው። ጎማ የሚይዘው ብሎን ነው ወይስ ቀለበት ብለው ጠየቋቸው። አንዱ ብሎን ነው አለ። «ሚሊ ግን መኪናዬን ሊድራት ነው፣ ቀለበት ሊያስርላት» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። ወንድሜም ፈገግ አለ፤ ቀልዱ መጥፎ አልነበረም። ከዚያ በዚያው በዝግታ ድምፁ፣ ብሎን ይጫናል እንጂ መሀል አያስቀምጥም፣ ቸርኬው የፀጉር ያህል ወደ አንድ ጎን ከሄደ በከተማ ውስጥ አያስታውቅም፣ አውራ ጎዳና ላይ ሰማንያና ዘጠና ሲደርስ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል ብሎ አስረዳ። አግዳሚው ላይ ካሉት ሽማግሌው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለዩ።

አጎታችን ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ በስንት ደቂቃ ታስረዋለህ?»

እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ወንድሜ አላየኝም፤ ካሊፐሩን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ያለ ቀለበት እንደማይሆን ከእሱ እኩል አውቃለሁ፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። ነገር ግን ጠዋት በኮምፔንሳቶው በኩል የሰማሁት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ደግሞም ማሽኔ አለ፣ ማሽኔ ዜሮ ካሳየ ማን ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ።

«በሠላሳ» አልኩ። በሃያ አምስት ጨረስኩ።

አራቱንም ማሽኑ ላይ አዞርኩ፣ ለሚዛን እርሳስ ለጠፍኩ፣ አራቱም ዜሮ ዜሮ አሳዩ። ማሽኑ አልዋሸም፤ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ ብረት መሀል ለመሀል ይዞ ነው የሚያሽከረክረው። መኪናዋ ግን ያ ብረት የላትም። እምብርቷን ሳልፈገፍግ ሰቀልኩት፣ መኪናዋን መሬት አወረድኩ፣ በአየር መፍቻ ብሎኖቹን በዙሩ አንድ በአንድ ጠረቅኳቸው። አጎታችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ስድስት ሰዓት ላይ የሚስታቸው ወንድም መጣ፣ ቸርኬውን ዞር ብሎ አየ፣ «አሁን ሰው ሆነች» አለ። አጎታችንን እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ልጃቸው የተመረቀች ቀን ብቻ ነው።

እነሱ እንደሄዱ ወንድሜ ቱታውን አውልቆ ሰቀለ። ምሳ እንውጣ ወይ አልኩት። አንተ ብላ፣ እኔ እመጣለሁ አለኝ። ቅር አላለውም፣ አልተኮሳተረም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካሊፐሩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

የሚቀጥለውን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ወንድሜ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ባለ ቶርኖው ከአጠገቤ ተቀምጦ ሲነግረኝ። ቦታው ግን እዚህ ስለሆነ እዚህ ልናገረው። ወንድሜ ምሳውን አልበላም። ቶርኖ ቤት ሄዶ ከድፍን አልሙኒየም አራት ቀለበት በገዛ ኪሱ አስቆረጠ፤ ውጪው ሰባ ሦስት ነጥብ አንድ፣ ውስጡ ስልሳ ነጥብ አንድ። ባለ ቶርኖው ለማን ነው ሲለው፣ ሲመለሱ ይፈልጉታል አለው እንጂ ማን እንደሚመለስ አልተናገረም። እያንዳንዱን ለክቶ፣ አንዱን አልወደደውምና እንደገና አስቆርጦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በልማዱ ሦስት ሦስት ነጥብ መታበት። የመጨረሻውን ሲያለሰልስ የባለ ቶርኖው ስልክ ጮኸ። የሚደውሉት ከድልድዩ ማዶ ያሉት ጎሚስታዎች ነበሩ፤ ደንበኛ የሚያስቀምጡበት የመስታወት ክፍልና ሶፋ ስላላቸው አጎታችን «ሶፋ ሻጮቹ» የሚሏቸው። አንድ ሰውዬ መሪው እጁን እያራገፈው ከአውራ ጎዳና ገብቷል፣ አብሮት ያለው ሰው ደግሞ የጠርሙስ ውኃ ደረቱ ላይ ፈሶበት ይሳደባል፣ ከሰባ ሦስት ነጥብ አንድ ወደ ስልሳ ነጥብ አንድ የሚሆን ቀለበት አሁኑኑ እንፈልጋለን አሉ። መኪናዋ ምን ዓይነት ናት፣ ቸርኬውስ ምን ይመስላል ብሎ ወንድሜ አስጠየቀ። እንደ መስታወት የሚያበራ ነው ተባለ።

«ለዚያች መኪና የተሠሩ ናቸው፤ ይሂዱ» አለ ወንድሜ።

ባለ ሞተር ብስክሌት መጥቶ ወሰዳቸው። ወንድሜ በወረቀት ሦስት መስመር ጽፎ ላከ፤ ዝገቱን ፈግፍጉ፣ ነጥቡ ወደ እናንተ ይመልከት፣ ብሎኑን መኪናዋ አየር ላይ ሳለች እያቆራረጣችሁ እሰሩ። የታክሲውን ገንዘብ ለቶርኖ ከፍሎ ስለነበር ከከተማው ወዲያ ጫፍ በእግሩ ተመለሰ።

አጎታችን ቀድመውት ደረሱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። መኪናዋ እንደ ቅቤ ትንሸራተታለች። ከመውረዳቸው በፊት ጀምረው ያወሩ ነበር። ሥራ የሚያውቅ ሰው አለ ለካ አሉ። እንዴት እንደተቀበሏቸው፣ ሶፋው እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ ቀለበት የሚባለው ነገር እንዴት ዓይነት ጥበብ እንደሆነ፣ ብሎን እንደሚጫን እንጂ መሀል እንደማያስቀምጥ፣ ጠዋት በሳቁት ሦስት ሰዎች ምትክ አዲስ ለመጡት አራት ሰዎች አስረዱ። የወንድሜን አባባል ቃል በቃል ነበር የሚናገሩት፤ ከየት እንደሰሙት ግን ረስተውታል። ያስከፈሏቸውን አልጠቅስም፤ ሶፋውም በሒሳቡ ታስቦ ነበር። ከዚያ «ፍታና አሳያቸው» አሉኝ።

ከፊት የግራውን ጎማ ፈታሁ። ቀለበቱ እምብርቱ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል። ሦስቱ ነጥቦች ወደ እኔ ያያሉ።

ቀና ስል ወንድሜ በር ላይ ቆሟል፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ። አጎታችን ሰዓታቸውን አሳዩት። ምሳ አንድ ሰዓት ነው፣ አንተ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየህ አሉት። እጁን ይዘው ወደ መኪናዋ ወሰዱት፣ እንደ ተማሪ።

«ዓመት ሙሉ ልኬት ልኬት ትላለህ፤ እስቲ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሠርተህ አሳይተኸኛል? ይኸው፣ ሰው ሲሠራ እይ። ምን ትላለህ?»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየው። በጣቱ ዳበሰው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጠርዙ ግን ትንሽ መለስለስ ነበረበት። ቸኩለው ነው።»

አንዱ ደንበኛ ሳቀ። አጎታችን አልሳቁም። በሰው ሥራ ላይ እንከን መፈለግ እንጂ ሰዓት ማክበር አታውቅም አሉትና፣ ጠዋት ለሚስታቸው የነገሩትን አሁን በግልጽ ነገሩት፤ በእርግጥ ለስለስ አድርገው፣ ዘመድ ስለሆነ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብለው። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተንበርክኬ፣ ማስረጃው ከፊቴ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ጣቴን ዘርግቼ «እነዚህን ነጥቦች እዩዋቸው» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ወንድሜ አየኝ። ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ፤ ተናገር ማለቱ ይሁን ዝም በል ማለቱ ያን ጊዜ ለየሁት ብዬ ነበር። ዝም በል ነው ብዬ ወሰንኩ። ለእኔ የሚመቸው እሱ ነበርና። ጎማውን ሰቅዬ አሰርኩ።

ማታ የአጎታችን ሚስት ለሁለታችን እኩል አድርገው ራት አቀረቡልን። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ማንኪያው ዞረ፣ ሰባት ጊዜ። ወንድሜ ኩባያውን አጥቦ ከሻንጣው ውስጥ ከተተ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንደሚባለው፣ ሻንጣው ክዳኑ አይገጥምም ነበር፤ በገመድ አሰረው። ሄዶ ከባለ ቶርኖው ጋር ሠራ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ያለ ጎሚስታ ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ የቀለበት ልክ በስልክ እየላከ ያስቆርጥ ነበር፤ አጎታችንም በራችን ላይ «ቀለበት እንገጥማለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ቀለበቶቹ ሲመጡ ነጥብ አለባቸው። እኔ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ እገጥማለሁ። ክፍሉ ለእኔ ብቻ ሆነ። አዲሱ ማሽን አልመጣም። ወንድሜ ሳንባው ታሞ በአርባ ዓመቱ አረፈ፤ አጎታችን ልቅሶ ቤት የመጡት ቸርኬዋ በሚያበራው በዚያችው መኪና ነበር፣ መሪው ሳይንቀጠቀጥ።

ባለፈው ሳምንት መኪናዋን ሸጧት። ገዢው ቸርኬውን አልፈለገም፤ አሮጌው ይመለስላት ተባለ። አራቱንም ፈታሁ። ቸርኬው ይወጣል፣ ቀለበቱ ግን እምብርቱ ላይ ይቀራል፤ እሱን ረስቶ አሮጌውን ጎማ በላዩ የሚሰቅል ሰው የአሮጌው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ጎማው ሳይቀመጥ ብሎን ያጠብቃል፣ መንገድ ላይም ይፈታበታል። ወንድሜ ይህን ሲያስተምረኝ እጄን ይዞ ጣቴን እምብርቱ ላይ አዙሮት ነበር። ሦስቱ ቀለበቶች በእጄ ወጡ። አራተኛው፣ ከፊት የግራው፣ ዝገት ይዞታል። በእንጨት እየመታሁ በዙሪያው ቀስ ብዬ አላቀቅኩት። አጎታችን ከበላዬ ቆመው ነበር፣ አጎንብሰው አዩት።

«ይህ ነጥብ ምንድን ነው?» አሉ።

«የወንድሜ ነው» አልኩ። «ያን ቀን ቀለበቶቹን ያስቆረጠው እሱ ነው። ምሳውን ትቶ።»

አጎታችን ቀና አሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት እውነተኛ ርኅራኄ ነበር።

«ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ፣ ልጄ። ያን ቀንማ እሱ ምሳ ብሎ ወጥቶ ቀርቶ የለም እንዴ? አንተም ነበርክ።»

ነበርኩ። ቀለበቱን ኪሴ ከተትኩ። የሽቦ ብሩሹን አንስቼ እምብርቱን ፈገፈግኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ በጣቴ ዳበስኩ። አሮጌውን ጎማ ሰቀልኩና መኪናዋ አየር ላይ እንዳለች የመጀመሪያውን ብሎን በእጄ አስገባሁ፣ ከዚያ ከፊት ለፊቱ ያለውን። አጎታችን ሰዓታቸውን አዩ።

«ገዢው እየመጣ ነው። ምነው፣ አንተም ቀርፋፋ ሆንክ?»

«አዎ» አልኩ፣ ሦስተኛውን እያዞርኩ።